በባዶው ገጽ ላይ የተጻፈ ስም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ ውስጥ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





የመጽሐፍ ቤታችን ኀላፊ የንግግርህ ርእስ ምንድን ነው ብለው በጠየቁኝ ጊዜ «አሮጌ መጻሕፍት» ብዬ ብመልስላቸው፣ «እነሱማ እኔ ዘንድ ሞልተዋል፤ መጥተህ አቧራቸውን አራግፍልኝ» አሉኝ። እኔ ግን የምናገረው ስለ አሮጌ መጻሕፍት ሁሉ አይደለም። በቆዳ ስለ ተደጎሱ የግጥም መጻሕፍት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ሰጪው ለተቀባዩ በእጁ የጻፈው የስጦታ ቃል ስላለባቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እኔ ዘንድ ሰባት አሉ። ሰባት መጽሐፍ ይዞ ሰብሳቢ ነኝ ማለት ድፍረት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ስምንተኛውን በመፈለግ ላይ ነኝ፤ የእርሱንም ነገር ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ነገሩ የኤውሮፓ መጻሕፍት ነገር ስለ ሆነ ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት 9ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መዝገበ ቃላት ልገዛ መርካቶ ሄጄ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ፊት ቆምሁ። ከተሰበረ ሬዲዮና ከስፌት መኪና ራስ መካከል አንድ ቀይ መጽሐፍ ተጋድሞ አየሁ። ሽፋኑ ቆዳ ሆኖ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ስለ ተጨመረበት እንደ ትንሽ ትራስ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ የገጾቹም ጠርዝ በወርቅ ቀለም የተለበጠ ነው። የአሜሪካዊው ባለቅኔ የሎንግፌሎ ግጥም ነበረ። ገልጬ ባየው በባዶው ገጽ ላይ በቡናማ ቀለም፣ ዘንበል ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ አባት ለ1893 የገና በዓል ለልጁ እንደ ሰጣት፣ ብዙ ጊዜ ታማ ስለ ሰነበተችም መጽሐፉ ማጽናኛ እንዲሆናት እንደ ተመኘ ተጽፎአል። ዋጋውን ስጠይቅ ነጋዴው ገጹን ገልጦ አየና፣ «የተጻፈበት ስለ ሆነ ቀንሼልሃለሁ፤ መቶ ሃምሳ ብር» አለኝ።

መዝገበ ቃላቱን ሳልገዛ ተመለስሁ። አባቴ የዚያን ቀን የተናገሩኝን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ እርሳቸውም ከእናንተ ጋር ተቀምጠዋል።

ያን ለሊት መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አድርጌ ሳስብ አደርሁ። የሎንግፌሎ ግጥም በብዙ ሺሕ ታትሞአል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ያ አባት ብዕሩን አንሥቶ አራት መስመር ከጻፈበት በኋላ ግን ያ መጽሐፍ በዓለም ላይ ብቻውን ሆነ። ነጋዴው ዋጋ ያስቀነሰበት ነገር እኔን እንድገዛው ያደረገኝ ነገር ነበረ። ልጅቱ ትዳን አትዳን ዛሬም አላወቅሁም።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንዴት እንደ በዙ በአጭሩ ልናገር። በ1822 ሩዶልፍ አከርማን የሚባል በለንደን የሚኖር አሳታሚ ግጥምና ሥዕል ያለበት «አትርሳኝ» ማለት የሆነ ስም ያለው ለስጦታ የታሰበ መጽሐፍ አወጣ። ይኸው መጽሐፍ በየዓመቱ እየታተመ ሌሎችም አሳታሚዎች ተከተሉት። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሰጪውና የተቀባዩ ስም የሚጻፍበት በጌጥ የተከበበ ቦታ ይታተም ነበር። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ የስጦታ ስም መጻፍ መጽሐፉን ማበላሸት አልነበረም፤ አታሚው ራሱ ቦታውን ባዶ ትቶ የሚጠብቀው ነገር ነበር እንጂ። ቀጥሎም የማተሚያ መኪና እየተሻሻለ መጽሐፍ እየረከሰ ሄደ፤ የአንዱን ባለቅኔ ግጥም ዐቅም የሌለው በጨርቅ የተጠረዘውን፣ ዐቅም ያለው በቆዳ የተደጎሰውን ይገዛ ጀመር። ከ1850 አንሥቶ በ1892 እስኪሞት ድረስ የእንግሊዝ ዘውድ ባለቅኔ የነበረው ቴኒሰን በዚህ ዐይነት በየቤቱ ገብቶአል። እንግሊዝ አገርም በ1870 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚያስፋፋ ሕግ ካወጣች በኋላ ትምህርት ቤቶች ለጎበዝ ተማሪና ለማይቀር ተማሪ መጽሐፍ ይሸልሙ ነበር። (ለማይቀር ተማሪ የሚሰጠው ሽልማት በእኛም ትምህርት ቤት ቢጀመር የሚጠሉ ጓደኞች እንዳሉኝ ዐውቃለሁ።)

ከመጻሕፍቴ አንዱ ከኪስ የሚገባ፣ በስስ ወረቀት የታተመ ነው። እኅት ለወንድሟ በ1915 ሰጥታዋለች። በዚያ ዘመን ጦርነት ነበረና ብዙ ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ የግጥም መጽሐፍ በኪሳቸው ይይዙ ነበር። የዚህ መጽሐፍ ቆዳ በአንድ በኩል ብቻ ተልጦአል፤ በኪስ ውስጥ ከምን ጋር ሲፋተግ እንደ ነበረ እንጃ።

ግጥሞቹ ሁሉ መልካም ናቸው አልልም። አንዳንዱ ስኳር እንደ በዛበት ሻይ ነው። የእኔን ነገር ግን ግጥሙ ብቻውን አይወስነውም።

የመጽሐፍ ነጋዴዎችና ሰብሳቢዎች ስለ ስጦታ ጽሑፍ ያላቸው አስተያየት የሚያስገርም ነው። ጽሑፉ የታወቀ ሰው ከሆነ ዋጋው ሰማይ ይደርሳል፤ የማይታወቅ ሰው ከሆነ ግን እንደ ቆሻሻ ይቈጠራል። የታወቀው ሰው ታሪክ እጅግ የሚያምር መሆኑን እኔም አልክድም። ጆን ኪትስ የተባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ በ1819 ከወዳጁ ከጆን ሃሚልተን ሬይኖልድስ የሼክስፒርን ግጥሞች የያዘ መጽሐፍ በስጦታ ተቀበለ። በሚከተለው ዓመት ኪትስ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፣ የኢጣልያ አየር ይሻለው እንደ ሆነ ተብሎ በመርከብ ሲሄድ መጽሐፉን ይዞት ሄደ፤ በጉዞው ላይም በአንዱ ባዶ ገጽ የራሱን ግጥም በእጁ ጻፈበት። በጃንዋሪ 1821 መጽሐፉን አብሮት ሄዶ ለሚያስታምመው ለሠዓሊው ለጆሴፍ ሰቨርን ሰጠው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን በሮማ ሞተ፤ ዕድሜው 25 ዓመት ነበረ። አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለሦስተኛው የሰጠው ያ መጽሐፍ ዛሬ በለንደን፣ ሃምስቴድ በሚባለው ሰፈር፣ ኪትስ በኖረበት ቤት ተጠብቆ ይገኛል።

ይህን ታሪክ ያስተማሩን ባለፈው ዓመት በጡረታ ወደ አገራቸው የተመለሱት የእንግሊዝኛ መምህርታችን ናቸው። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝና ፓልግሬቭ የሚባል ሰው በ1861 ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳተመው የግጥም ስብስብ በኋላ የታተመ አንዱን ቅጂ ሰጡኝ። ቆዳው አረንጓዴ ነው። በባዶው ገጽ ላይ ከሁሉ በላይ እናታቸው ለእርሳቸው የጻፉት አለ፤ ከእርሱ በታች እርሳቸው ለእኔ የጻፉት አለ፤ ከዚያም በታች አራት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ቀርቶአል። «ይህስ ቦታ?» ብላቸው፣ «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብለው ሳቁ። ይህ ሰባተኛው መጽሐፌ ነው፤ ገንዘብ ያልከፈልሁበትም እርሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ስለሚወድ አታላዮችም ያውቁበታል። ኤልሳቤጥ ባሬት ብራውኒንግ ለባልዋ በፍቅር የጻፈቻቸው ግጥሞች በመጽሐፍ የወጡት በ1850 ነው። ኋላ ግን በ1847 ለቅርብ ወዳጆች ብቻ የታተመ የሚል አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተገኘች ተብሎ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይሻሟት ጀመር። በ1934 ጆን ካርተርና ግሬሃም ፖላርድ የተባሉ ሁለት ወጣት የመጽሐፍ ነጋዴዎች ወረቀቷን አስመረመሩ፤ ወረቀቷም በ1847 በእንግሊዝ አገር ገና ካልተጀመረ ዐይነት የእንጨት ጭረት የተሠራች ሆና ተገኘች። ነገሩ ሲጣራ ሥራው የዘመኑ ታላቅ መጽሐፍ ሰብሳቢ የሚባለው የቶማስ ዋይዝ ሆኖ ወጣ። ሰዎቹ የገዙት ግጥሙን አልነበረም፤ ግጥሙማ በርካሽ ይገኛል። የገዙት በባልና በሚስት መካከል የነበረውን ምስጢር ነው፤ እርሱም የተሸጠላቸው ሐሰት ሆኖ ነው።

እኔም በትንሹ ተታልያለሁ። አንድ ነጋዴ በ1890 የተሰጠ ብሎ ያሳየኝን መጽሐፍ በደስታ ገዝቼ ቤት ወስጄ በአጉሊ መነጽር ባየው ጽሑፉ በስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ስክሪብቶ ከ1940ዎቹ ዓመታት በፊት ለገበያ አልቀረበም። የጥንቱ የብረት ብዕር ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ስለ ሆነ እጅ ሲጫነው መስመሩ ይሰፋል፤ ሲያነሣው ይቀጥናል፤ ቀለሙም ከጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ይለወጣል። ይህን ሳላውቅ ሁለት መቶ ብር ከፍያለሁ። መጽሐፉ ከሰባቱ ውስጥ አይቈጠርም።

ሌላም ጥፋት ልናዘዝ። የዘመኑ ርካሽ ቆዳ በከተማ ጭስና በጋዝ መብራት ውስጥ ካለው የድኝ አሲድ የተነሣ እየደረቀ ቀይ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ሦስተኛው መጽሐፌ እንዲህ እጄን ሲያቀላው ጊዜ፣ ጫማ ከሆነው ቆዳ ምን ይለያል ብዬ በጫማ ቀለም ወለወልሁት። ጥቁር ሆነ፤ ቀለሙም ሠርጎ የስጦታውን ጽሑፍ እኩሌታ አጠፋው። አሁን የማውቀው እንዲህ ያለ ቆዳ ምንም ዐይነት ቅባት እንደማይቀባና በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ እንዳለበት ነው። መቶ ዓመት የቆየውን ቃል በአንድ ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ስለ ቴኒሰን መጽሐፌ ሳነብ ካገኘሁት አንድ ነገር ልጨምር። ቴኒሰን ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ሲኖር ጎረቤቱ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በዚያች ደሴት ፎቶግራፍ ያነሣችው እርሷ ናት። ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍትም ወደ 350 የሚሆኑት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ሌሎች በሰው ቤት ቀሩ። በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች፣ ከእነርሱም ጋር በቆዳ የተደጎሰ ቅዱስ መጽሐፍ፣ በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው ከጨረታው ከወጡ በኋላ ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

ይህን ሳነብ ስለ ሩቅ ነገር የማነብ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ አያቴ አገር ስሄድ መጻሕፍቴን በሻንጣ ይዤ ሄድሁ። አያቴ ፊደል ባይቈጥሩም የመጽሐፍ ነገር ያውቃሉ። ቀዩን መጽሐፍ በእጃቸው አገላብጠው ቆዳውን በጣታቸው ዳሰሱና «የበግ ነው» አሉ። የአባትየውን ቃል ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ልጅቱ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እማማ። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል» አልኋቸው።

«ታዲያ መጽሐፏ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም የእኔን መልስ ሳይጠብቁ ስለ ሴት አያቶች ልማድ እንደምታውቁት ወደ ሌላ ነገር ያለፉ መሰለኝ፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ነገር አላለፉም። ስለ ወንድ አያቴ ዳዊት ይነግሩኝ ጀመር።

ዳዊት የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ግጥምም ነው፤ መዝሙር ነው። አባቶቻችን ከልጅነት እስከ ሽምግልና በአንገታቸው አንጠልጥለው የዞሩት የግጥም መጽሐፍ ከዳዊት ሌላ የለም። ከ150ው መዝሙራት ጋር የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም ይጻፍበታል፤ ገጹ ብራና ነው፤ ገበታው እንጨት ሆኖ በቀይ ቆዳ ይለበጣል፤ በቆዳውም ላይ ደጓሹ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል፤ ከዚያም ወደ ማኅደሩ ይገባል። በመጨረሻውም ብራና ላይ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ የሰረቀውና ስሙን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይባልበታል። እንግሊዞቹ አታሚዎች ለስም በጌጥ የተከበበ ቦታ ከመተዋቸው ብዙ ዘመን በፊት የእኛ ጸሓፊዎች ስሙን በውግዘት ያጥሩት ነበር ማለት ነው።

ወንድ አያቴ ዳዊት ደግመው በጨረሱ ጊዜ የኔታ የራሳቸውን ዳዊት ሰጧቸው። ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ ይባላል። በመጨረሻውም ብራና ላይ፣ ይህን ዳዊት ለመንፈስ ልጄ ሰጠሁ፤ በደገመው ቍጥር ያስበኝ የሚል ቃል ጽፈውበታል። አያቴ ይህን በቃላቸው ያውቁታል፤ ባላቸው በየማለዳው ከድግሙ በኋላ ያነቡት ነበርና።

«የት አለ ታዲያ?» አልኋቸው።

«አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ ሸጥነው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንድናገር አባቴን አስፈቅጃለሁ። ወደዚህ ትምህርት ቤት በአዳሪነት ስገባ የመግቢያው ገንዘብ፣ የደንብ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱና ጫማው ሲደመር ከቤታችን ዐቅም በላይ ሆነ። አባቴና አጎቴ መከሩ፤ አያቴን ለመኑ። አያቴ ሦስት ቀን አለቀሱ፤ በአራተኛው ቀን ማኅደሩን ከግድግዳው አውርደው ለአጎቴ ሰጡት። ነጋዴው ሲገዛ የመጨረሻውን ብራና አይቶ፣ «ስም ያለበት ያስጠይቃል፤ ይህንንስ እንፍቀዋለን» አለው። አጎቴ ይህን ለአያቴ መንገር አልነበረበትም፤ ግን ነገራቸው።

እንግዲህ በመርካቶ አንዱ ነጋዴ ስለ ተጻፈበት ዋጋ ቀነሰልኝ፤ ሌላውም ስለ ተጻፈበት ሊፍቀው ነው። እኔም በመካከላቸው ሰብሳቢ ነኝ ብዬ ቆሜአለሁ። ሰባቱ መጻሕፍቴ እኔ ዘንድ የደረሱት አንድ ሰው ሞቶ፣ ወይም ቸግሮት፣ ወይም ልጆቹ ሰልችተው ስለ ተዉአቸው ነው። ሎንግፌሎን ስገዛ ይህን አላሰብሁም ነበር። አሁን ግን ባዶውን ገጽ በገለጥሁ ቍጥር የአያቴ ጥያቄ ይሰማኛል። መሰብሰቤን አልተውሁም፤ የእንግሊዞቹን ስሞች ሁሉ ከነዓመታቸው በደብተር ጽፌአለሁ፤ ዘመዳቸው ነኝ የሚል ሰው ከተገኘ መጽሐፉን እሰጣለሁ። ብራና ግን ለራሴ እንዳልገዛ ቈርጬአለሁ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአገራችን አቆጣጠር በ1992 በወጣው በአዋጅ ቍጥር 209 የተከለከለ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሸጠው ሰው ልጁን ሊያስተምር ከሆነ አዋጁ ከግድግዳው ላይ ማኅደሩ እንዳይወርድ ሊያደርግ አይችልም። በዚህ ነገር ከአባቴ ጋር ተከራክረናል፤ እርሳቸው ዛሬም ቢሆን እሸጠው ነበር ይላሉ። እኔም በዚያ ዳዊት ዋጋ የተማርሁ ሆኜ ተሳስተዋል ልላቸው አልችልም።

ባለፈው ክረምት በየነጋዴው ዞርሁ። አንዱ ዘንድ የመጨረሻው ብራና በምላጭ የተፋቀ ዳዊት አገኘሁ። ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት፤ የሚነበብ ነገር የለም። ልቤ ደንግጦ ሌላውን ምልክት ፈለግሁ፤ አልነበረበትም። የሌላ ሰው ዳዊት ነበረ።

ሰባቱን መጻሕፍት ዛሬ በመጽሐፍ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑሬአቸዋለሁ፤ እጁን የታጠበ ሁሉ ሊገልጣቸው ይችላል፤ በጫማ ቀለም የተበላሸውም አለ። ስምንተኛውን ግን ምናልባት ከእናንተ አንዳችሁ በዘመድ ቤት፣ ወይም በነጋዴ፣ ወይም በውጭ አገር በሚኖር ሰው ዘንድ አይታችሁት እንደ ሆነ፣ ስሙ ተፍቆ ሊሆን ስለሚችል የማይፋቀውን ምልክት እነግራችኋለሁ። ከአንድ ጋት ጥቂት ይበልጣል። የኋላው ገበታ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቶአል። የማኅደሩ ማንገቻ ተበጥሶ በቀይ ክር ተጠግኖአል፤ የጠገኑት አያቴ ናቸው። «ብፁዕ» ከሚለው ከመጀመሪያው ገጽ በታች በኩል የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የጧፍ ጠብታ አለ። ንግግሩ ሲያበቃ ከመጽሐፍ ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ።